ቁጭ ብሎ አደር

በእኛ ቤት «ሥራ ላይ ነው» ለመባል ከሁለት አንዱን ማሟላት ያስፈልጋል፤ ወይ ማላብ ወይ መንጫጨት። ሽንኩርት የምትከትፍ ሴት ሥራ ላይ ናት። ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሄሎ! ይሰማል?» እያለ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን የሚንጎራደድ ሰው ሥራ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ አፍጥጦ «ይቺ ሴትዮ ባሏን ጥላ ስትወጣ ምጣዱን ይዛ ትሄዳለች ወይስ ትተውለታለች?» እያለ የሚጨነቅ ሰው ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ከአማርኛ ሐረጎች ሁሉ «ዝም ብለህ ከተቀመጥክ» የሚለውን የምፈራው ለዚህ ነው። ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ጀሪካን አስከትሎ ነው የሚመጣው። «ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ውሃ መጥታ እንደሆነ እያት።» «ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ልጁን የቤት ሥራ አሠራው።» «ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ሲሊንደሩን ይዘህ ውረድ፤ ጋዝ ገባ አሉ።» የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ መውረዱስ ቀላል ነው። መውጣቱን የተሸከመ ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ደፈር ብዬ «ኧረ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ እየጻፍኩ ነው» አልኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ እጄን አየች፤ እስክሪብቶ የለም። ቀጥላ ኮምፒውተሩን አየች፤ ጠፍቷል። «ምን ላይ?» አለች።

አልፈርድባትም። ልብ ወለድ አብዛኛው የሚጻፈው ከመጻፉ በፊት ነው። አናጢም ከማጋዙ በፊት ይለካል፤ ግን ሲለካ ሜትሩ ይታያል፣ ማንም «ዝም ብለህ ከቆምክ» አይለውም። የደራሲ ሜትር አይታይም። ሲሊንደሩን ይዤ ወረድኩ።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት አክስቴ ነገሩን የዘጉት በተረት ነው። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» አሉ፣ ሽሮ እየነፉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ። መጀመሪያ ከፋኝ። እያደር ግን ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ከዚህ የተሻለ ነገር የተናገረ ሰው አጣሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የማደርገው ሌላ ምንድን ነው? እቀደዋለሁ፣ እሰፋዋለሁ። ጠበበ ብዬ ደግሞ እቀደዋለሁ። መነኩሴው ቢያንስ ራሱ ላይ የሚደፋው ቆብ ይተርፈዋል።

አክስቴ ልብ ወለድ ይጠላሉ ማለቴ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በቃላቸው ሊወጡት ምንም አይቀራቸው። ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመድ ልጅ ያነሷታል፤ ፊታውራሪ መሸሻን እስከ ዛሬ ይቀየሟቸዋል። መጽሐፉን ግን አንድም ቀን ገልጠውት አያውቁም። የሰሙት በሬዲዮ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። ስለዚህ በእሳቸው ዘንድ የመጽሐፉ ባለቤት ወጋየሁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የሚባሉ ታላቅ ሰው እንደጻፉት፣ በ1958 ዓ.ም. እንደታተመ አስረድቼ ስጨርስ «ይሁን፣ ይጻፉት» አሉኝ፤ «የለፋበት ግን ወጋየሁ ነው።»

ድምፁ ይሰማል አይደል!

እኔን በሐዲስ ዓለማየሁ የሚያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ያንን የሚያህል መጽሐፍ ያወጡት በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ወዲያና ወዲህ በሚሉበት ዘመን ነው። ብቻቸውንም አልነበሩም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን፣ በ1925 ደግሞ «አዲስ ዓለም»ን አሳተሙ፤ ሰውየው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ፣ ማተሚያ ቤትም ነበራቸው። «የደም ድምፅ»ን የደረሱት መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የ1941ዱ «አርአያ» ደራሲ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። አገር እየመሩ፣ ከመንግሥታት ጋር እየተደራደሩ፣ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ!

ይህን ምሥጢር ለረጅም ጊዜ አሰላስዬዋለሁ (ዝም ብዬ ተቀምጬ)። ትጋታቸውንና ተሰጥኦአቸውን አልክድም፤ ግን ሌላም ነገር ነበራቸው፦ በር ላይ የሚቆም ሰው። እልፍኝ አስከልካይ ያለው ደራሲ «ጌታዬ አሁን አይመቻቸውም» ይባልለታል። ሲሊንደር አለቀ ብሎ እልፍኝ የሚገባ የለም። ለእኔም መንግሥት አንድ ዘበኛ ለሁለት ዓመት ቢመድብልኝ ልብ ወለዱን እጨርስ ነበር፤ ዘበኛው ሚስቴን ማስቆም ከቻለ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ መታተሙንም የታሪክ ሰዎች በብዙ መንገድ ይተነትኑታል። የእኔ ትንታኔ አጭር ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የነበሩት ጣሊያን አገር ነው፤ ጣሊያን አገር እድር የለም።

ወደ እድሩ እመጣለሁ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቴን ላስተዋውቅ።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። ሥራዬ ኃላፊዎች የተናገሩትን እንደሚገባ መጻፍ ነው። ኃላፊ መቼም እንደ ሰው «አለ» አይባልም። ይገልጻል፤ ያሳስባል፤ ያስገነዝባል፤ ቀኑ የከበደ እንደሆነ ደግሞ በአጽንዖት ያስገነዝባል። ሌላው ኃላፊ ቀጥሎ ሲናገር «በበኩሉ» ይባላል። ሁለቱም «አጠናክረው እንደሚቀጥሉ» ሳይናገሩ ከመድረክ አይወርዱም። ምን እንደሆነ ባይታወቅም ይቀጥላል፤ ተጠናክሮ።

ችግሩ ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያስገነዝብ የዋለ እጅ ማታ ተመልሶ ፍቅር መጻፍ አይሆንለትም። ባለፈው ክረምት ዋናዋ ገጸ ባሕሪዬ ዝናብ ላይ ቆማ፣ ጸጉሯ ተጣብቆ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ለወዳጇ የልቧን ልትነግረው አፏን ከፈተች። በማግስቱ ሳነበው «ግንኙነታቸውን አጠናክረው መቀጠል እንደሚገባቸው አስገነዘበችው» ይላል። ልጁም በበኩሉ ተስማማ።

መሥሪያ ቤቱን ግን አልረግመውም። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ዝም ብሎ መቀመጥ ሙሉ ክብር ያለው እዚያ ብቻ ነው። በተለይ ስብሰባ ላይ። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ከአዳራሹ ሁሉ ትጉህ ይመስላል። ቢሾፍቱ በተደረገ አንድ አውደ ጥናት ላይ ስለ ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲወራ ውዬ አንድ ሙሉ የለቅሶ ትዕይንት ጨረስኩ። ሰብሳቢው በሻይ ሰዓት ትከሻዬን ነካ አድርገው «በርታ፤ እንዳንተ የሚከታተል ሰው ነው የጠፋው» አሉኝ። የሞተው ሰው የተቀበረው ከምሳ በኋላ ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይባላል። ጥሩ ተረት ነው። ግን ተረቱን ያወጣው ሰው አንደኛው ዛፍ ፍሬ እንደሌለው፣ ሌላው ደግሞ ጥላ እንደሌለው አላሰበም መሰለኝ። ግብፃዊው ነጊብ ማሕፉዝ እ.ኤ.አ. በ1971 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ቀን ከፋይሉ፣ ሌላውን ጊዜ ከልብ ወለዱና ከካይሮ ቡና ቤቶች ጋር። እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ተሸለመ። ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ፋይሉን አብሮት ያገላብጥ የነበረውን የቢሮ ጓደኛውን ነው። «ይሄ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚውለው ሰውዬ?» ሳይል አልቀረም።

ቢሮና ልብ ወለድ ሁልጊዜ እንዲህ ተቻችለው አይኖሩም። የእኛው በዓሉ ግርማ ዕድሜውን የገፋው በጋዜጠኝነትና በማስታወቂያ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ያየውም በዚያው ሥራው ምክንያት አሥመራ ሄዶ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ የተነሣ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። መጽሐፉ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እኔ በስብሰባ ላይ ለቅሶ ጻፍኩ ብዬ ስፎክር አንዳንዴ ይህ ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ።

ቢሮው ቀኑን ከወሰደው ሌሊቱ አለ፤ የሚል ምክር ከዕለታት አንድ ቀን አንድ መጽሐፍ ላይ አገኘሁ። ምሳሌ የተደረገው አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። ይህ እንግሊዛዊ ቀን ቀን የፖስታ ቤት ባለሥልጣን ሆኖ እየሠራ ከ40 በላይ ልብ ወለዶች ደርሷል። ዘዴው፦ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይሰየማል፤ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው አንድ ሽማግሌ ሎሌ ነበረው፤ ለዚሁ ሥራ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለዋል። (አያችሁ? እዚህም ሎሌ አለ።)

እኔ ሎሌ ስለሌለኝ ስልኬን አስጮህኩ። ተነሣሁ። በእግር ጣቴ ሳሎን ገባሁ። ውጭው ጸጥ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አዲስ አበባ የምትጮኸው ያኔ ነው። አዛኑ ከአንድ ወገን፣ ቅዳሴው ከሌላው ወገን፣ መሐል ላይ የአውራ ዶሮ ሙግት፣ ታች ደግሞ ጎረቤታችን መኪናውን ያሞቃል። ይሁን ብዬ መብራቱን አበራሁ። አክስቴ ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል።

ዞር ብለው አዩኝ። ፊታቸው በራ። «ተመስገን!» አሉ፤ «ለውዳሴ ማርያም ተነሣህልኝ?»

ምን ልበል? የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው የቀሰቀሰኝ ልበል? ከጎናቸው ቆምኩ። በሚቀጥለውም ሌሊት ቆምኩ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከልብ ወለዱ አንድ መስመር አልተጻፈም፤ በሰፈሩ ግን የእኔ መመለስ ተወርቶ አልቋል። የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ በደስታ ሊያዩኝ መጡ፤ ለእሳቸውም ቡና ተፈላ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ትሮሎፕን ተውኩት።

ከዚያ ወደ ሩሲያ ፊቴን አዞርኩ። ሩሲያዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ምክንያትም አይጠፋቸውም። አንድ ምሽት ለባለቤቴ ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ያህል ብዬ የቶልስቶይን ሚስት ታሪክ አነሣሁላት። «ሶፊያ ትባላለች» አልኩ፤ «ያንን ግዙፍ ‹ጦርነትና ሰላም› በእጇ ደጋግማ ገልብጣለታለች። በጠቅላላው 13 ልጆችም ወልዳለታለች።»

ባለቤቴ የምትለቅመውን ምስር አላቋረጠችም።

«የት ነበር የሚኖሩት?» አለች።

«ያስናያ ፖልያና የሚባል ርስት ነበረው።»

«ገባርስ?»

«ነበረው።»

«እና ውሃ ማን ይቀዳ ነበር?»

ስለ ሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ይህን ጥያቄ አላነሡትም። ባለቤቴ ተቺ ብትሆን ኖሮ ብዙዎቻችን አንተርፍም ነበር። ለፍትሕ ያህል ግን የመጀመሪያ መጽሐፌን እንደ አብዛኞቻችን በራሴ ወጪ ሳሳትም የማተሚያ ቤቱ ቀብድ የተከፈለው ከእሷ እቁብ ነው። ሳይሸጥ የቀረው እስከ ዛሬ አልጋችን ሥር ተኝቷል፤ «ብርድ ልብስ ማስቀመጫ አጣሁ» ከማለት በቀር ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

አሁን ወደ እድሩ።

የሕንፃዎቻችን ነዋሪዎች እድር ስናቋቁም የሥራ አመራር ምርጫ ተደረገ። ዳኛው ተመረጡ፣ ገንዘብ ያዡ ተመረጡ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊዋ ተመረጡ። ጸሐፊ ላይ ሲደረስ ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አንዱ ከኋላ «ደራሲ አለን አይደል እንዴ!» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። በሕይወቴ በደራሲነቴ እንዲያ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለመጽሐፌ ምረቃ የመጡት ሰዎች የዚያን ሲሶ አይሆኑም።

የጠፉ ሰሃኖችን የሚመለከት ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። ቀብር ባልተገኙ አባላት ላይ የተጣለ ቅጣት ጻፍኩ። ስለ ውሃው ለወረዳው ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አሳሰብን፣ አስገነዘብን። ይህ ሁሉ ይቻላል። አዲሱ ሙያዬ የጀመረው አንድ ሌሊት በር ሲንኳኳ ነው። ታች ድንኳን እየተተከለ ነበር። የሟች የወንድም ልጅ ወረቀት ይዞ ቆሟል። «የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍልን» አለ፤ «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይነበባል።»

የሕይወት ታሪክ ቅርጽ አለው። ማንም ያውቀዋል። ሟች ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ይህ ክፍለ ሀገር፣ በዚህ አውራጃ፣ ልዩ ስሙ እንዲህ በተባለ ቦታ ይወለዳሉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ይማራሉ። በቅንነትና በታታሪነት ያገለግላሉ። ባለትዳርና የልጆች አባት ይሆናሉ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ይቆያሉ። ከዚያ ያርፋሉ። ከመሐል አንድ አንቀጽ ስለ ጠባያቸው ይገባል፤ ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ደግና ተግባቢ ነው። በሰፈራችን ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም።

ሥራው ቀላል ይመስላል። አይደለም፤ ምክንያቱም አርታዒው የሟች ቤተሰብ በሙሉ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በድንኳን ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጠህ ታነባለህ። ታላቅ እህት «የመጀመሪያዋ ሚስቱ ምን ለማድረግ ገባች?» ትላለች። የመጀመሪያዋ ሚስት ትወጣለች። ልጇ ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ እያለቀሰ ነው፤ እሱን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ እናቱ የሌለች ልጅ ያለው አባት መጻፍ አለብህ። አጎት የሚባሉት ደግሞ «የትውልድ ዘመኑን አስተካክለው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ሌላ ነው» ይላሉ። መጠጥ ይወዱ የነበሩት «ጨዋታ አዋቂ» ይሆናሉ። ከጎረቤት ሁሉ የተካሰሱት «ለእውነት የቆሙ» ይሆናሉ።

እኔ በልብ ወለዴ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሁለት ጊዜ በአጋጣሚ መንገድ ላይ ቢገናኙ ያነበበልኝ ወዳጄ «ይሄ አይታመንም» ብሎ በቀይ ያሰምርበታል። ድንኳን ውስጥ ግን ቤተሰቡ የፈለገውን ሕይወት እንደ አዲስ ሰፍቼ፣ የሌለ ርኅራኄ ጨምሬ፣ ያለ ሚስት ቀንሼ ሳቀርብ ሁሉም «እውነት ነው! እውነቱን ነው የጻፈው!» እያለ ያነባል።

በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይነበባል። በድምፅ ማጉያ። መቶዎች ቆመው ያዳምጣሉ። ማንም ሲሊንደር አያነሣም። አንድ አንቀጽ ላይ ሴቶቹ እንደሚያለቅሱ ገምቼ የጻፍኩት እንደሆነ በትክክል እዚያው ላይ ያለቅሳሉ። ከኋላ ቆሜ ስሰማ ሐዘኑም ሐዘን ሆኖ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሆነ ሙቀት ይሰማኛል። ከጻፍኩት ሁሉ በብዙ ሕዝብ የተደመጠው ይኸው ስም ያልተጻፈበት፣ አንድ ጊዜ ተነቦ የሚታጠፈው ወረቀት ነው።

ልብ ወለዴን ያነበቡት ጥቂት ጎረቤቶች ግን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማንን ነው የጻፍከው?» መጽሐፉ ውስጥ ለእንግዳ ስኳር በማንኪያ ለክቶ የሚያቀርብ ሰው አለ። በእሱ ምክንያት ከሕንፃው ሁለት ሰዎች ሰላምታ ነሡኝ፤ በእነሱ ቤት ሻይ ጠጥቼ እንኳ አላውቅም። ማንኪያዋን ያየሁባቸው ሰው ግን መጽሐፉን ገዝተው፣ አንብበው፣ «እንዲህ ያለ ስስታም በእውነት ይኖራል?» ብለው ጠይቀውኛል። ሻይ እየጋበዙኝ።

ሰሞኑን ደግሞ ሻምበል መጡ።

ሻምበል ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በሩን አንኳኩተው ሲገቡ በብብታቸው አዲስ ደብተር ይዘዋል። ከእሳቸው ጋር በመኪና ማቆሚያ ምክንያት ለዓመታት ሲካሰሱ የኖሩ አንድ ጎረቤታችን በቅርቡ አርፈው፣ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

«ሰማሁት» አሉኝ ቆመው። «ያንን ሰውዬ እንደዚያ ካሳመርከው እኔን የት ታደርሰኝ ይሆን ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ሻምበል፣ እርስዎ ገና ነዎት እኮ» አልኳቸው።

«እሱን ተወው። ለልጆቼ ብተወው አበላሽተው ነው የሚጽፉት። አንዱ ካናዳ፣ አንዷ ዱባይ፤ በስልክ ተደዋውለው የሚያወጡት ታሪክ ምን ይሆናል? እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።»

እንዲህ ሆኖ በየምሽቱ ይመጣሉ። ወንበሬ ላይ እሳቸው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከአልጋችን ሥር ባወጣሁት የመጽሐፍ ጥቅል ላይ እቀመጣለሁ። የታዘብኩት ነገር አለ። ሻምበል ያወራሉ፣ እኔ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ አዳምጣለሁ፤ ማለትም ድሮ ከማደርገው ምንም አልለወጥኩም። ባለቤቴ ግን ልጁን «ዝም በል! አባትህ ሥራ ላይ ነው» ትለዋለች። ውሃ ስትመጣ ጀሪካኑን ራሷ ትሞላለች። አንድ ቀን እንዲያውም ሲሊንደሩን ለጥበቃው ልጅ ሃምሳ ብር ሰጥታ አስወጣችው። ሻምበል በአንድ ጊዜ ድምፄም እልፍኝ አስከልካዬም ሆኑልኝ።

ታሪካቸው ግን በአንድ ቦታ አይረጋም። በመጀመሪያው ምሽት በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ስንቅ ክፍል ነበርኩ አሉ፤ ከሐረር ኮቾሮ ጭነው ያደርሱ ነበር። በሚቀጥለው ምሽት ኮቾሮ የጫነው መኪና ከጅጅጋ በላይ አልፏል። ሳምንቱ ሲያበቃ ካራማራ ተራራ ላይ ወጥተው መነጽር ይዘው ቆመዋል።

«ሻምበል፣ ስንቅ ክፍል አልነበሩም እንዴ?» አልኩ በትሕትና።

«ታዲያ ጦሩ ሳይበላ ነው ካራማራን የያዘው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጻፍኩት።

አንድ ምሽት ግን መብራት ሄደ። ባለቤቴ ሻማ አምጥታ ወጣች። ሻምበል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ መድፉ ሳይሆን ስለ ድስት ያወሩኝ ጀመር። ጦሩ ባፈገፈገ ጊዜ በግርግሩ ትልልቅ ድስቶቹ መንገድ ላይ ቀሩ። ቦምቡን አልፈሩትም፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ነው የፈሩት። ለዓመታት «ድስቱስ?» የሚል ደብዳቤ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ እንኳ የክሊራንሱ ወረቀት ላይ ማኅተም እስኪመታ ልባቸው ቆሞ ነበር። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ድስቶቹን በሕልማቸው ይቆጥሯቸዋል፤ ቁጥሩ ሞልቶ አያውቅም።

«ይቺን አትጻፋት» አሉኝ።

«አልጽፋትም» አልኩ። በእሳቸው ደብተር ላይ አልጻፍኳትም። ከእሳቸው ደብተር ሥር ሌላ ደብተር እንዳለ ሻምበል አያውቁም። ሦስተኛው ምዕራፍ በዚያ ሳምንት ተንቀሳቀሰ። ባሏን ጥላ የምትሄደዋ ሴትም ምጣዱን ይዛው ወጣች፤ ባል በሩ ላይ ቆሞ ምጣዱን ብቻ ነው የጠየቀው።

ትናንት የሻምበል ታሪክ መጨረሻው ላይ ደረስን። ማዕረጋቸው ተጽፏል፣ ሜዳሊያቸው ተጽፏል፣ ካራማራም ተይዟል። መኪና ማቆሚያው «በመርሕ ጉዳይ የማይደራደሩ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ተካቷል። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነበቡኝ፤ ሁለት ቦታ ላይ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሁለቱም ያልሆኑ ነገሮች ናቸው። ከዚያ እንደ ወጉ «በተወለዱ በ» ብዬ በእስክሪብቶ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«እሱን በእርሳስ አድርገው» አሉ።

«እሺ ሻምበል።»

«ቀኑንም ክፍት ተወው።» ትንሽ አሰቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ብቻ ለእድሩ ዳኛ ንገርልኝ፤ የደመወዝ ሰሞን ይሁን። በወር መጨረሻ ሰው አይቸገር።»